የዳነውን በሽታ የሚጠይቁት ሰው

ጋሽ አንለይ ማረፋቸውን የሰማሁት ለሳል ከመጣች ሴትዮ ነው። መድኃኒቷን በነጠላዋ ጫፍ እየቋጠረች፣ እንደ ዋዛ፣ «ያ ጥያቄ የሚያበዙት ሽማግሌ ፍኖተ ሰላም አረፉ አሉ፤ ነፍሳቸውን ይማረው» አለችኝ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አፈጠጥሁባት። ደነገጠችና «ዘመድሽ ነበሩ እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። ዘመዴ አልነበሩም። ምኔ እንደነበሩ ደግሞ ደጅ ላይ ያን ሁሉ ሰው አሰልፌ የማወራው ነገር አይደለም። «አብረን ሠርተናል» ብዬ ሸኘኋትና በሩን ዘግቼ እንደ ልጅ አለቀስሁ። ወረፋው ትንሽ ጠበቀ። እሳቸውም ቢሆኑ ያስጠብቁት ነበር።

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ውስጥ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ትኩስ የወጣሁ ጤና መኮንን ነበርሁ፤ ውጤቴ ከፍተኛ፣ ትዕግሥቴ ዝቅተኛ። እሳቸው ደግሞ ቁስል በሚያጥብ ድሬሰርነት ጀምረው፣ ጤና ረዳት ሆነው፣ ነርስ ሆነው፣ በስተርጅና ደግሞ በክረምት ክረምት እየተማሩ ጤና መኮንን የሆኑ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ። በሥራ ድርሻ እኩል ነበርን። ገበሬው ግን እሳቸውን «ዶክተር»፣ እኔን «ሲስተር» ይለናል። እኔ ይህን ሳርም ውዬ ሳርም እመሻለሁ። እሳቸው አንድም ቀን አላረሙም፤ «የሚጠራሽን ተይውና የሚነግርሽን ስሚ» ይሉኝ ነበር። የደምበጫ ልጅ በመሆኔም ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «የደምበጫዋ» እንዳሉኝ ቀሩ።

ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ መነጽራቸውን በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። የጋዋናቸው ኪስ ሱቅ በደረቴ ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ቀይ ክዳን፣ ጥጥ፣ ክር፣ ምን እንደሚከፍት እሳቸውም የማያውቁት አሮጌ ቁልፍ ይወጣበታል። መጀመሪያ ሳያቸው ሰውየው ጃጅተዋል ብዬ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐኪም ሁሉ «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ብሎ ይጀምራል። እሳቸውም እንደዚያው ይጀምራሉ። ሕመሙን ሰምተው ሲያበቁ ግን ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ኋላ ጎትተው በሽተኛው ጎን ያስጠጉና፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «እሺ፣ አሁን ደግሞ የዳንሽውን ንገሪኝ» ይላሉ። ይህች ጥያቄ ቀላል ትመስላለች እንጂ እኛ አገር ከባድ ናት። የዳነን በሽታ ስሙን መጥራት መልሶ መጋበዝ ነው ተብሎ ይፈራል። በጸበል የዳነ ሰውማ እሱን ሐኪም ቤት ገብቶ ማውራት የመድኃኔ ዓለምን ውለታ መካድ ይመስለዋል። ስለዚህ በሽተኛው ያፍራል፣ ይተሻሻል፣ «የዳነ ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?» ይላል። እሳቸው አይቆጡም፤ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ከዚያ በዓመት ቁጥር ሳይሆን በጾምና በአዝመራ ይጠይቃሉ። ለሁዳዴ ነው ለፍልሰታ? ጤፍ ሲታረም ነው ሲታጨድ? አድሮ ለቀቀሽ ወይስ ከረመብሽ? ይህን ሁሉ በካርዱ ጀርባ በአንዲት መስመር ላይ ይደረድሩታል።

ወረፋው እንግዲህ አይገፋም። አንድ ቀን ከደጅ የሰለቸው ገበሬ «ይኸ ሰውዬ ለራስ ምታት የገባውን ንስሐ አስገብቶ ነው የሚያስወጣው» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀው። ጋሽ አንለይ ከውስጥ ሰምተው እሳቸውም ሳቁ። ወረፋው ግን አላጠረም። እኔ ሠላሳ ሰው ሳይ እሳቸው አሥራ ሁለት ያያሉ፤ የወሩ ሪፖርት ሲሠራ ኃላፊያችን እኔን ያመሰግናል፣ እሳቸውን ይመክራል። ምክሩን ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡና በማግሥቱ አሥራ አንድ ሰው ያያሉ።

ሌላም አመል ነበራቸው። የዳነ ሰው ይዞላቸው የሚመጣውን ስጦታ አይቀበሉም። ማር ቢሆን፣ ዶሮ ቢሆን፣ እሸት እንኳ ቢሆን። የታመመ ሰው ቤት ሲሄዱ የቀረበላቸውን ጥርግ አድርገው የሚበሉ ሰው፣ ለመዳን ምስጋና የመጣ ዶሮ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። እኔ ይህን ኩራት ነው ብዬ ተርጉሜው ነበር። ያመጣ ሰው ቅር ሲለውም ዶሮውን እኔ ተቀብዬ አውቃለሁ።

አንጓች የመጣችው ከፋሲካ በኋላ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት በሚያዝያ ነው። የሁለት ልጆች እናት፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀይ ቆንጆ ሴት ናት። ባሏ ይበልጣል በብብቷ ሥር ደግፎ አስገባት። እግሮቿ እንደ እንጨት ደርቀው እየጎተተቻቸው ነበር። «ኸወገቤ በታች የእኔ አይመስለኝም» አለችኝ። ሽሮው የምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት፤ ጓያ ይቀላቀልበታል አለች። በቃ። በእኛ አገር እግሩ ደርቆ የመጣ ገበሬ ጓያ ሰብሮት ነው፤ ይህን እንኳን ጤና መኮንን እረኛም ያውቀዋል። ደጅ ላይ ያለው ሰው እየጮኸብኝ ነው። ካርዱ ላይ ጓያ ብዬ ጻፍሁ፣ ጓያውን እንድትተው መከርሁ፣ የነርቭ መርፌ አዘዝሁ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «አምናም እንዲህ አድርጎኝ ትቶኝ ነበር» አለች። «እሺ እናቴ፣ ጓያውን ብቻ ተይው» አልኋት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

መርፌዋን ልትወጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ጫማዋን ልታስተካክል አቀረቀረችና የሆነ ነገር እንደነዘራት ሁሉ ድንገት ቀና አለች። ጋሽ አንለይ በዚያ ሲያልፉ አይተዋታል። ካርዷን ይዘው እኔ ክፍል ገቡና በሩን ገርበብ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የደምበጫዋ፣ ጓያ ሰብሮ የመለሰውን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም። ጓያ ከሰበረ እንደማይመልስ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ሴትዮዋ አምና እንዲህ ሆና እንደተዋት ነግራኛለች፤ ሰምቻለሁም። ፊቴ ጋለ። እሳቸው ግን «ነይ፣ አብረን እንያት» ብቻ ነው ያሉኝ።

ወንበራቸውን አስጠጉ፤ የዳንሽውን ንገሪኝ አሉ። አንጓች ባሏን አየች። ይበልጣል መሬት መሬቱን ያያል። ቀስ በቀስ ወጣ። ካቻምና በጽጌ ጾም የግራ ዓይኗን ሲያዞሩት አሟት፣ ከዚያ ጨለመባት፤ የቀሚሷ ጥለት ቀዩ አመድ መስሎ ይታያት ነበር። ሁለት ሳምንት ጸበል ተጠመቀችና በራላት። አምና በሁዳዴ ደግሞ ከጡቷ በታች ያለው ገላዋ ደነዘዘ። «መቀነቴን ፈትቼ አስቀምጨው ሁሉ ጥብቅ አድርጌ የታጠቅሁ ይመስለኛል» አለች። ስግደት ላይ አንገቷን ስታቀረቅር ከማጅራቷ እስከ እግሯ የሚነዝር ነገር ይወርድባታል። አማቷ ይህን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው፤ ስግደት የማይወድ መንፈስ አለባት አሉ። እንደገና ጸበል ገባች፣ ለፋሲካ ዳነች። አሁን በዓመቱ ተመለሰ። ደግሞ አረቄ ስታወጣ እሳቱ ዳር ዓይኗ ይደክማል፣ እግሯ ይዝላል። ጠዋት ቀዝቃዛው ጸበል ሲያርፍባት ግን ነፍሷ መለስ ትላለች። በእሳት የሚበረታ፣ ከጸበል የሚሸሽ መንፈስ። ለቤተ ሰቡ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም።

ጋሽ አንለይ ግን፣ «ወንዝ ወርደሽ ስትታጠቢስ?» አሏት።

ይበልጣል ቀና አለ። «ጸበሉን ሊያስክዱን ነው፣ ዶክተር?» አለ።

«አላስክድህም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ጸበላችሁን አትተዉ። እኔ የምፈልገው ሙቀቱ ምን እንደሚያደርጋት ማወቅ ነው።»

አንጓች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወንዝም ሲሆን እንደሚሻላት ተናገረች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም።

ከዚያ ያ ሱቅ በደረቴ ኪስ ተፈታ። አንድ ዓይኗን በመዳፏ አስከድነው ቀዩን ክዳን አሳዩአት። በቀኙ ቀይ ነው። በግራው ግን አሰብ አደረገችና «ይኸስ የታጠበ ነው» አለች። የስልካቸውን መብራት ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ሲያመላልሱ የግራው ብሌን ብርሃን ሲያርፍበት መጥበብ ሲገባው ሰፋ። በዚያ አሮጌ ቁልፍ የውስጥ እግሯን ከተረከዟ ወደ ላይ ጫር ሲያደርጉት አውራ ጣቷ ወደ ላይ ተቀሰረ፤ ጤነኛ ሰው ላይ ወደ ታች ነው የሚታጠፍ። በኮሪደሩ የሲሚንቶ መስመር ላይ ተረከዝና ጣት እያገናኙ ሲያስኬዷት፣ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ጠጥታ ነው እንዴ እያለ ያሾፋል። በእግሯ ላይ ያየነውን ጓያም ሊያመጣው ይችላል። ጓያ ግን ዓይን አይነካም፤ ገላም አያደነዝዝም። ካርዱ ጀርባ ላይ ያሰመሩትን አዞሩልኝና በጣታቸው ነኩልኝ። ጽጌ ላይ ዓይን፤ ሁዳዴ ላይ ገላ፤ ሚያዝያ ላይ እግር። «ሁለት ጊዜ ከሆነ፣ ሁለት ቦታም ከሆነ፣ አንድ በሽታ ነው ብለሽ ጠርጥሪ» አሉ።

ስሙን እኔ ነኝ የጠራሁት፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን መምህራችን በአንድ ገጽ አልፎት «የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እናንተ አታዩትም» ብሎን ነበር። ሰውነት ራሱን እንዲጠብቅ የተሰጠው ኃይል ተሳስቶ የራሱን ነርቭ ልባስ ሲልጠው ነው። ይመጣል፣ ይከርማል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ይመጣል። ጋሽ አንለይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነው ለማለት እኛ ጋ መሣሪያው የለም፤ ይመስላል ብሎ መላክ ግን የእኛ ሥራ ነው አሉኝ። ስኳሯን፣ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ እንዳይሆን ደሟን፣ የሳንባ ነቀርሳ ገብቶበት እንዳይሆን አከርካሪዋን አየንላት። ከዚያ የመላኪያ ወረቀቱን ጻፉ፤ ሙሉ ገጽ፣ እያንዳንዱን የዳነ በሽታዋን ከነወሩ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በመላኪያ ወረቀት ላይ ከሁለት መስመር በላይ ጽፌ አላውቅም ነበር።

መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አንጓችና ባሏ ሦስት ሳምንት ጠበቁ። ሲከፈት ባሕር ዳር ሄዱ፤ በኤምአርአይ አንጎሏም ጀርባዋም ላይ ነጫጭ ጠባሳዎች ታዩ፣ የቆዩም ትኩስም። በደም ሥር መድኃኒት ተሰጣት፣ በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ተጻፈላት፣ በእግሯ እየሄደች ተመለሰች። እኔ ደስ ብሎኝ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የይበልጣል እናት፣ ከአዊ ወገን የሆኑ፣ ሲናደዱ ወደ አገውኛ የሚዞሩ ጠንካራ ሴት፣ ልጄን በሽታ ደብቀው ነው የዳሩት ብለው ሽማግሌ አስቀመጡ። ነገሩ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ። አንጓች ድና ከሆነ ትዳሯ ይጸናል። ካልዳነች አባቷ ቤት ማንኩሳ ትመለሳለች፤ ልጆቹ ግን ይቀራሉ። መስካሪው ጋሽ አንለይ እንዲሆኑ ሁለቱም ወገን ተስማማ።

አንጓች ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት ባለው ዓርብ ጤና ጣቢያ መጣች። ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ድናለች ይበሉልኝ» አለች። በዚያን ሰዓት እኮ እንደ ማንም ሰው ትሄዳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች። ውሸት እንኳ አይመስልም። እኔም ይበሉላት ብዬ ቆምሁ። ጋሽ አንለይ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ «ድናለች ብዬ ከመሰከርሁ ክኒኑን ተደብቀሽ ልትውጪው ነው» አሏት። «ሲመለስብሽ ደግሞ አታላይ ይሉሻል። እኔ ያለፈቃድሽ አልናገርም፤ ከፈለግሽ አልሄድም። ከሄድሁ ግን ያለውን ነው የምናገር።» አንጓች ከወንበሩ ተነሥታ፣ «እንዳወቁ ያድርጉት» ብላ ወጣች። እኔ ደሜ ፈላ። የሁለት ሕፃናት እናት በአንድ ቃል የምትተርፍ ሆና ሳለ ምን ዓይነት ልብ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ አኮረፍኋቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጥን። ቄሰ ገበዙ መሐል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ፤ አንጓች ከአባቷ ኋላ፣ ይበልጣል ከእናቱ ጎን። ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ የዝናቡ ወሬ ካለቀ በኋላ ቄሰ ገበዙ ወደ ጋሽ አንለይ ዞሩ።

«በአንድ ቃል ይንገሩን። ድናለች ወይስ አልዳነችም?»

«አልዳነችም» አሉ ጋሽ አንለይ።

የአንጓች አባት ዓይናቸውን ጨፈኑ። አማቷ በአገውኛ አንድ ነገር አሉ፤ ጋሽ አንለይም በዚያው በአገውኛ ረጋ አድርገው መለሱላቸው። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ቀጠሉ።

«ይኸ በሽታ እንደ ቤት ውሻ ነው። ሊጠብቃት የተፈጠረው ራሷን ይነክሳታል። መንፈስ አይደለም፣ ጓያም አይደለም፣ ኸሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ውሻው አሁን ታስሯል እንጂ አልሞተም። ገመዱ ክኒኑ ነው። አንድ ቀን ገመዱን በጥሶ ይመጣ ይሆናል። ዓይኗ ቢጨልም፣ እጇ ወይ እግሯ ቢከዳት፣ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አይታችሁ ካልለቀቃት አምጡልኝ፤ ሳይበዛ መልሰን እናስረዋለን። አባቷም አልደበቁም። እዚያ ቤት ሳለች አልነበረባትም። ኸተጠፋም እኔ ነኝ ያጠፋሁ፤ ታማ ስትመጣ ጓያ ነው ብዬ የመለስኋት እኔ ነኝ።»

ጓያ ብዬ የመለስኋት እኔ ነበርሁ። አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። አላዩኝምም። ያን ዕለት ያፈርሁትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም፤ የወደድኋቸውም በዚያው ሰዓት ይመስለኛል፤ ቁጣዬ ግን እንዳለ ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩና ለወር ቀጠሮ ሰጡ። ይበልጣል ተነሥቶ ሄደ።

በባጃጅ ስንመለስ አልቻልሁም። «አንዲት ቃል ቢሏት ምን ነበረበት?» አልኋቸው።

«ያችን ቃል ብያት አውቃለሁ፣ የደምበጫዋ። ሽንዲ ሳለሁ አንዲት መምህርት እግሯ ደንዝዞ መጣች። አሥር የነርቭ መርፌ ወጋኋት፤ በወሩ በእግሯ ሄደች። እኔ ያዳንኋት መሰለኝ። ድነሻል አልኋት። አባቷ ሙክት ነድተው መጡ፤ በላሁት። በዓመቱ ዓይኗ ጠፋና ተመለሰ። እሷ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁ። በሦስተኛው ተኛች፤ ይኸው እስካሁን ተኝታለች። ያ ሙክት ዛሬም አልተፈጨልኝም።»

ስለ ዶሮዎቹ ያሰብሁትን ሁሉ አሰብሁና ከንፈሬን ነከስሁ። ያም ሆኖ ኩርፊያዬ አልወጣም። መምህርቷ የተኛችው የዛሬ ስንት ዓመት ነው፤ አንጓች ግን አሁን ቤቷ ሊፈርስ ነው እያልሁ ከራሴ ጋር እሟገት ነበር።

ክረምቱ ገባ። የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ደርሶ አለፈ፤ ማንም ምንም አልነገረን። ከዚያ መንደር የመጣ ሰው ሁሉ ስጠይቀው አላውቅም ይላል፤ እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት ሄዳለች ማለት ነው ብዬ ደመደምሁ። ጋሽ አንለይ አይጠይቁም። ይህም ያናድደኝ ነበር፤ የማንንም የዳነ በሽታ ሲጠይቁ የሚውሉ ሰው እንዴት ይህን አይጠይቁም? አንድ ቀን ግን ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ሳልናገራቸው፣ ስኒውን ሳይጠጡ አስቀምጠው «ልጆቹን ማን እያበላቸው ይሆን?» አሉ። እሳቸውም እንቅልፍ እንደሌላቸው ያኔ አወቅሁ።

በነሐሴ፣ በገበያ ቀን፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ አንድ በቅሎ እስከ ሆዷ ጭቃ ሆና በግቢው በር ገባች። በላይዋ ላይ ላስቲክ የተከናነበች ሴት አለች፤ አንድ ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ልጓሙን ይስባል። ይበልጣል ነው። አንጓችን አቅፎ አወረዳትና ኮሪደሩ ላይ አስቀመጣት። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ወድቋል።

«ትናንት ጧት እጇ ከዳት» አለ ገና ሰላም ሳይል። «ቁርስ ልትበላ ስትቀርብ እንጀራውን መቁረስ አቃታት። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ብለውን የለ፣ ጋሼ?»

«ብያለሁ» አሉ ጋሽ አንለይ።

«አልለቀቃትም። እንዳሉን መጣ።»

ጋሽ አንለይ ሙቀቷን ለኩ፤ ሽንቷን አሳዩ፤ ትኩሳትና የሽንት በሽታ የቆየውን ሕመም ቀስቅሰው እንዳያታልሉን ብለው። ሁለቱም ንጹሕ ነበር። በሽታው ራሱ ነው። ወደ ባሕር ዳር ስልክ ደወሉ፣ አልጋ ተገኘ፣ ወረቀቱን መጻፍ ጀመሩ። መሐል ላይ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝና እየነገሩኝ ጻፍሁ፤ ሙሉ ገጽ። አንጓች በግራ እጇ የክኒኑን ዕቃ ከጉያዋ አውጥታ አሳየችን። አንድም ቀን አላጓደለችም፤ እየቆጠሩ የሚሰጧት አማቷ ናቸው አለች።

ይበልጣል ደጅ ላይ የበቅሎዋን ኮርቻ ሲያስተካክል ሄጄ አጠገቡ ቆምሁ። በቅሎዋ የእሱ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ በዚያ መንደር በቅሎ ያለው አንድ ወይ ሁለት ሰው ነው። ስንት ወር ሆዴን የበላኝን ጠየቅሁት፤ ሽማግሌዎቹ ምን ፈረዱ አልሁት። ፊቱን በእጁ ጠረገ፤ ዝናቡን ይሁን ሌላ እንጃ።

«በቀጠሮው ቀን አልሄድሁም፤ ነገሩም በዚያው ቀረ» አለ። «ምን ብዬ ልሂድ? ጋሼ ድናለች ቢሉኝ ኖሮ፣ ትናንት እጇ ሲከዳት ዋሸሽኝ ብዬ እጣላት ነበር። አልዳነችም ስላሉኝ ግን ሌሊቱን በየቤቱ በቅሎ ስለምን አደርሁ።»